በሰው ፈቃድ የቆመ ወፍጮ

[አቃቂ በሰቃ፤ አዲስ የተሠራ የቆርቆሮ ወፍጮ ቤት። ጠዋት ነው። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡት አቶ ገብረጻድቅ፣ የሚስታቸውን ወንድም የሺዋስን ሰማያዊ ቱታ እያስለበሱት ነው።]

ገብረጻድቅ፦ ገልብጠህ ነው እኮ የለበስከው!

የሺዋስ፦ አውቄ ነው ጋሼ። ኪሱ ወደ ውስጥ ሲሆን ሌባ አይገባበትም።

ገብረጻድቅ፦ የኤሌክትሪክ ኮንትራክተር ኪሱን በሆዱ በኩል አድርጎ አይሄድም! ገልብጠው!

የሺዋስ፦ [እየገለበጠ] ቆይ ግን፣ ለምን እኔ? እኔ እኮ አምፖል እንኳ የምቀይረው በፍርሃት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ገብረጻድቅ፦ ስንቴ ልንገርህ? ለወፍጮው ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ እንዲገባልኝ፣ ሽቦውን የዘረጋው ፈቃድ ያለው ባለሙያ እዚህ ቆሞ ለተቆጣጣሪው ማስረዳት አለበት። ተቆጣጣሪው ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል።

የሺዋስ፦ ሽቦውን የዘረጉት ግን እርስዎ ነዎት።

ገብረጻድቅ፦ በስልክ ላይ ቪዲዮ አይቼ፣ በአንድ ቀን! እኔ ችሎታው አለኝ፤ የሌለኝ ፈቃዱ ነው።

የሺዋስ፦ እኔስ?

ገብረጻድቅ፦ አንተ ችሎታው የለህም፤ ፈቃድ ግን አግኝቼልሃለሁ። [የታጠፈ ፎቶ ኮፒ ከኪሳቸው ያወጣሉ] ይኸው! ደላላ ነው ያመጣልኝ። ከአሁን ጀምሮ ስምህ እምነት ሂርጳ ነው።

የሺዋስ፦ እምነት የሴት ስም አይደለም እንዴ?

ገብረጻድቅ፦ የወንድም ይሆናል! ዕድሜ ልኬን የፋብሪካ ሠራተኛ ስም ስመዘግብ የኖርኩትን ሰውዬ ስም ታስተምረኛለህ?

የሺዋስ፦ እሺ። ስለ ወረቀቱ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ትናንት እኔ...

ገብረጻድቅ፦ ዝም ብለህ ስማ! እንለማመድ። እኔ ተቆጣጣሪው ነኝ። [ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ] «አቶ እምነት፣ ፈቃድ አለህ?»

የሺዋስ፦ አለኝ። እስከ ሰኞ።

ገብረጻድቅ፦ ምኑ ነው እስከ ሰኞ?

የሺዋስ፦ ቂሊንጦ ከምሠራበት ፋብሪካ የወጣሁት የዓመት ፈቃድ ነዋ።

ገብረጻድቅ፦ የሥራ ፈቃድ ነው የምልህ!

የሺዋስ፦ የሥራውማ ሰኞ ነው የሚጀምረው።

ገብረጻድቅ፦ እግዚኦ! እሺ፣ «ደረጃህ ስንት ነው?»

የሺዋስ፦ ደረጃ የለኝም። መሰላል ግን ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ገብረጻድቅ፦ የሙያ ደረጃ! ወረቀቱ ላይ ተጽፎልሃል፣ እያየህ አንብብ! ቀጥሎ፣ «ቤቱ ስንት ፌዝ ነው?»

የሺዋስ፦ ፌዙማ ከጠዋት ጀምሮ ነው። እኔ አልቆጠርኩትም።

ገብረጻድቅ፦ ማሾፍ አይደለም የሚባለው! ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። «ሦስት» በል!

የሺዋስ፦ ሦስት። [አሰብ አድርጎ] ሰውየው ሲጠይቀኝ ልሳቅ ወይስ ልኮሳተር?

ገብረጻድቅ፦ ኮስተር በል! አሁን ዋናው ጥያቄ፦ «ወፍጮው መሬት አለው?»

የሺዋስ፦ መሬቱ የእህቴ ነው። ካርታውም በስሟ ነው።

ገብረጻድቅ፦ ካርታን ምን አመጣው! ዝም ብለህ «አለው» በል!

የሺዋስ፦ ጋሼ፣ ይሄንንስ አልልም። ካርታው በአሰለፈች ስም እያለ፣ መሬቱ የወፍጮው ነው ብዬ ለመንግሥት ሰው ተናግሬ ነገ ቢወሰድባትስ?

ገብረጻድቅ፦ መሬት የሚባለው ሽቦ ነው አንተ ሰው! ከወፍጮው ብረት ተነሥቶ አፈር ውስጥ የሚቀበር ሽቦ!

የሺዋስ፦ እ... ታዲያ የታለ?

ገብረጻድቅ፦ [ያስላሉ] እሱ እንኳ... ወፍጮው ራሱ መሬት ላይ ቆሞ የለም እንዴ? መሬት ላይ ለቆመ ነገር ሌላ መሬት ምን ያደርግለታል?

የሺዋስ፦ አሁን ገባኝ።

ገብረጻድቅ፦ ገባህ? ተመስገን! ምንድን ነው?

የሺዋስ፦ የሌለ ነገር ነው።

[የብረቱ በር ይንኳኳል።]

ገብረጻድቅ፦ መጣ! ገና አራት ሰዓት እንኳ ሳይሆን! አውልቅ ቱታውን! አንተን ካስቀደምኩ ዛሬ ጉዴ ይፈላል። እምነት ሂርጳን ራሴ እሆናለሁ፤ አንተ የወፍጮው ባለቤት ነህ።

የሺዋስ፦ ጋሼ፣ ተቆጣጣሪው አይደለም፣ እኔ ነኝ የ...

ገብረጻድቅ፦ ዝም በል አልኩህ!

[ቱታውን ቀምተው ይለብሳሉ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ፣ የመሣሪያ ሣጥን የያዘች ሴት ትገባለች።]

እንግዳዋ፦ እንደምን አደራችሁ። የወፍጮው ባለቤት ማን ነው?

የሺዋስ፦ እስካሁን ጋሼ ነበሩ። አሁን ግን እኔ ነኝ።

ገብረጻድቅ፦ [ቁልፋቸውን እየቆለፉ] እኔ ነኝ ኮንትራክተሩ፣ እሜቴ። እምነት ሂርጳ እባላለሁ።

እንግዳዋ፦ እርስዎ? እምነት ሂርጳ?

ገብረጻድቅ፦ ሠላሳ ዓመት በሙያው! ይኸው ፈቃዴ።

እንግዳዋ፦ [ኮፒውን ተቀብላ ረጋ ብላ ታየዋለች] ሂርጳ አባትዎ ናቸው?

ገብረጻድቅ፦ የወለዱኝ አባቴ።

እንግዳዋ፦ በሕይወት አሉ?

ገብረጻድቅ፦ [ኮፍያቸውን አውልቀው] አፈሩን ያቅልላቸውና፣ አለፉ። በእጄ ነው የቀበርኳቸው።

እንግዳዋ፦ ምን ሆነው?

ገብረጻድቅ፦ ኤሌክትሪክ ይዟቸው። ሙያውንም የመረጥኩት በዚሁ ቁጭት ነው።

እንግዳዋ፦ ወይ ጉድ! ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብረን ስንበላ ግን ምንም አልነገረኝም።

[ገብረጻድቅ ኮፍያቸውን መልሰው ይደፋሉ።]

ገብረጻድቅ፦ ማ... ማን ነው ያልነገረዎት?

እንግዳዋ፦ አባቴ፣ ሂርጳ። እምነት እኔ ነኝ። ፈቃዱም የእኔ ነው።

ገብረጻድቅ፦ [ወደ የሺዋስ ዞረው] አንተ!

የሺዋስ፦ ልነግርዎት ስል «ዝም በል» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ስልክ ነበረ፤ ትናንት ደወልኩላቸው። «ነገ እርስዎን ሆኜ ልጠየቅ ነው፤ መልሱን ስለማላውቀው እባክዎ ያስጠኑኝ» አልኳቸው።

እምነት፦ በዚህ ሙያ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎልኝ አያውቅም።

ገብረጻድቅ፦ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱን ተዪው። ክሰሺኝ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እንደሆነ ሩቅ አይደለም።

እምነት፦ ቆይ፣ መጀመሪያ በስሜ የተሠራውን ልየው። [ከሣጥኗ ቴስተር አውጥታ የወፍጮውን ብረት ትነካለች። የቴስተሩ መብራት ቦግ ይላል።] ወደ ኋላ በሉ! ማንም እንዳይነካው! ብረቱ ኤሌክትሪክ አለበት!

ገብረጻድቅ፦ እንዴት ሆኖ? ከቤት የሳብኩት ለአምፖል ብቻ ነው!

እምነት፦ የአምፖሉ ሽቦ በወፍጮው እግር ተረግጦ ተልጧል። የመሬት ሽቦ ደግሞ የለውም።

የሺዋስ፦ ለካ ለዚህ ነው! ጠዋት ስወለውለው ሲነዝረኝ ብርድ መስሎኝ፣ ሄጄ የጎማ ቦት ጫማዬን አደረግሁ።

እምነት፦ ያተረፈህ ቦት ጫማው ነው።

[ገብረጻድቅ ባዶ ጆንያ ላይ ዝርፍጥ ብለው ይቀመጣሉ።]

ገብረጻድቅ፦ አሰለፈችን ምን እላት ነበር? ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነው።

የሺዋስ፦ ኧረ ጋሼ፣ ደህና ነኝ እኮ።

ገብረጻድቅ፦ የተረፍከው በእኔ አይደለም። እኔማ ላስገድልህ ቱታ እያለበስኩህ ነበር። [ፊታቸውን በእጃቸው ይጠርጋሉ] ልጄ፣ ሁሉንም ነቅለሽ እንደ ደንቡ ሥሪልኝ። ስምሽን እንደሆነ መልሻለሁ፤ አባትሽንም ከመቃብር አውጥቻለሁ።

እምነት፦ [ሳቋን እየዋጠች] እሠራለሁ። ግን አሁኑኑ ለተቆጣጣሪው ደውለው «ገና ነኝ» ይበሉ። ስለ ደላላው ደግሞ ነገ አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄድና ቃልዎን ይሰጣሉ።

ገብረጻድቅ፦ እሰጣለሁ። አንድም ሳላስቀር።

እምነት፦ በሉ፣ አሁን ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ሽቦው ውስጥ እጄን ላስገባ ነው። ማንም መልሶ እንዳያበራው አንድ ሰው እዚያ ይቁምልኝ። ነፍሴን ነው አደራ የምሰጠው።

ገብረጻድቅ፦ [ብድግ ብለው] እኔ አለሁ! ስለ ብሬከር ከእኔ በላይ የሚያውቅ...

እምነት፦ አይ፣ እርስዎ ይቀመጡ አባባ። እዚያ እንዲቆምልኝ የምፈልገው የማያውቅ ሰው ነው።

የሺዋስ፦ [ደረቱን ነፍቶ ወደ ብሬከሩ እየሄደ] አለሁልዎት እህቴ! እኔ ምንም አላውቅም!