የአቶ ታፈሰ ትርፍ ብሎኖች

በየሰፈሩ መኪናውን ለመካኒክ የማያስነካ አንድ ሰው አለ። ከሌለ ሰፈሩ ገና አልተሟላም ማለት ነው። ቴፒ ያለው የእኛ ሰፈር በአቶ ታፈሰ ተሟልቷል። ክቡርነታቸው ጋራዥ ደጃፍ የሚቆሙት ለሰላምታ ብቻ ነው። ጎረቤታቸው አባቢያ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ የአሮጌ መኪናቸውን ድምፅ ሰምቶ ፊቱን ቅጭም ሲያደርግ፣ «አትንካብኝ! ጸባይዋን የማውቀው እኔ ነኝ» ብለውት ያልፋሉ።

ፈትተው ሲገጥሙ ሁሌም የምትተርፍ ብሎን አለች። እሳቸው ግን አይደናገጡም። ብሎኗን ወደ ብርሃን አንስተው በጥሞና ያዩዋትና፣ «ይቺ ትርፍ ናት፤ ፋብሪካው ለመጠባበቂያ ያደረጋት ነች» ብለው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይጨምሯታል። ባለቤታቸው ሎሚ፣ ጣሳው ውስጥ ሌላ ግማሽ መኪና እንዳለ ታምናለች። ቢሆንም መኪናዋ ትሄዳለች፤ በምን እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም እንጂ።

የዘንድሮው ጣጣ የመጣው ከቁንዶ በርበሬ ነው። የቴፒ ፀሐይ እምነት አይጣልባትም፤ ምርት አስጥቶ ዞር ያለ ሰው ሲመለስ ጭቃ ይጠብቀዋል። አቶ ታፈሰ ለዚህ መላ አላቸው። መኪናዋን ፀሐይ ላይ ያቆሙና መስኮቶቿን ዘግተው ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማውን ወንበሮቹ ላይ ያሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ እንደፈለገ ይሁን። አየር የሚያናፍሰው ቬንትሌተር በተከፈተ ቁጥር ብናኙ ወዴት እንደሚሳብ ግን ለዓመታት አልጠየቁም። መልሱን የምታገኘው ሎሚ ናት፤ ነፋሱ ፊቷ ላይ ሲመጣ ማስነጠስ ትጀምራለች፣ ዓይኗ ይቀላል፣ ከዚያ ድምፅዋ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቬንትሌተሩ ተዘግቶ ይኬዳል። አሁን ግን እሑድ ማሻ ላይ የመዘምራን ጉባኤ አለ፤ የቴፒን ቤተ ክርስቲያን ወክላ ብቻዋን የምትዘምረው ደግሞ ሎሚ ናት። ለዚህች ቀን ክረምቱን ሙሉ ተለማምዳለች። መንገዱ ላይ ደግሞ ጌጫ ሲደረስ ጉሙ መስታወቱን ስለሚሸፍነው ቬንትሌተር ሳይከፈት መንገድ አይታይም። ከተከፈተ ደግሞ ድምፅ የለም።

«በሚኒባስ ልሂድ ይሆን፣ ታፌ?» አለች ፈራ ተባ እያለች።

አቶ ታፈሰ የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «እኔ እያለሁ? በሰው መኪና?»

አባቢያ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሰምቷቸው ኖሯል። «ጋሼ ታፈሰ፣ አየሩን የሚያጣራው የኤሲ ፊልትሮ ነው የቆሸሸው። ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ስለተቀበረ እጅ አይገባም። ያምጧት፣ ዳሽቦርዱን አውርጄ ልቀይርልዎት።»

«አትንካብኝ!»

ቅዳሜ ጠዋት ክቡርነታቸው ከሚዛን ከተማ ያስመጡትን አዲስ ፊልትሮና ካቻቢቴያቸውን ይዘው ተሰማሩ። የዳሽቦርዱን ኪስ ነቅለው፣ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን በበሩ አወጡ። እጃቸው ግን ከብረቱ ጀርባ አልገባ አለ። በቀኝ ሞከሩ፣ በግራ ሞከሩ፣ የምግብ ዘይት ተቀብተው ሞከሩ። እግራቸው ለረጅም ጊዜ ሲወራጭ ቆየና ጸጥ አለ። ሎሚ ደነገጠች፤ አቶ ታፈሰ መኪና ውስጥ ሆነው ዝም ብለው አያውቁማ።

«ሎሚዬ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እስኪ እጅሽን።»

የሎሚ እጅ ቀጭን ነውና ገባ። አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ፣ ክዳኑን በዳበሳ ከፍታ፣ ፊልትሮውን ጎትታ አወጣችው። ፊልትሮ ለማለት ያስቸግራል፤ የቅመም ከረጢት ሆኗል። አቶ ታፈሰ ከውስጡ አንዲት ቁንዶ በርበሬ ለቅመው አኘኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አሁንም ይፋጃል!» አሉ በኩራት።

አዲሱንም ያስገባችው እሷ ናት። ኪሱን መልሰው የገጠሙት ግን ራሳቸው ናቸው። ሲጨርሱ መዳፋቸው ላይ ሁለት ብሎኖች ቀሩ።

«ትርፍ ናቸው» አሉና ወደ ጣሳው ሄዱ።

ትርፎቹ ምን ይዘው እንደነበር የታወቀው በማግስቱ፣ ገና ከቴፒ ሳይወጡ ነው። ኪሱ ሎሚ ጉልበት ላይ ዘጭ አለ። ገፍታ መለሰችው፤ እንደገና ዘጭ አለ። በመጨረሻ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ ደግፋ ያዘችው። ጌጫ ላይ ጉሙ ሲመጣ አቶ ታፈሰ መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙና ትንፋሻቸውን ውጠው ቬንትሌተሩን ከፈቱ። ሎሚም ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። አፍንጫዋ ምንም አላለም። መስታወቱ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ መጣ። ደስ ስላላት መዝሙሯን እዚያው ጀመረችው፤ እሳቸውም መኪናዋን አስነስተው መሪውን እየመቱ፣ ከዜማው እየወጡም ቢሆን፣ ተቀበሏት።

ማሻ ላይ ጉባኤው ቆሞ ነው የሰማት። ሲያልቅ ከቴፒ መዘምራን አንዷ የሆነችው ሣራ አቀፈቻት። የሣራ ወንድም አዲስ መኪና ይዞ መጥቷል።

«ከእኛ ጋር ተመለሺ፣ ሎሚ። ሰፊ ነው፣ እግርሽን ዘርግተሽ ትሄጃለሽ።»

ሎሚ የኪሱ ጠርዝ ያረፈበት ጉልበቷ አሁንም ያማታል። ዞር ስትል አቶ ታፈሰ በሯን ከፍተው፣ የወደቀውን ኪስ በአንድ እጃቸው ደግፈው ይጠብቋታል።

«አይ ሣራዬ» አለች፤ «እኔ ከሌለሁ ኪሱን ማን ይይዝለታል?»

ሄዳ ገባችና ጉልበቷን ከፍ አደረገች።