ዶን አናክሌቶ ታክሲ አይሳፈሩም

በየቤተሰቡ አንድ «ሰው አለኝ» ባይ አይጠፋም። «የእኛ ቤተሰብ የለውም» የሚል ካጋጠማችሁ፣ እሱ ራሱ ነው።

ይህ ሰው ቧንቧው ቢፈነዳ የቧንቧ ሠራተኛ አይጠራም። ጥርሱን ቢያመው ቀጠሮ አይይዝም። ጣራው ቢያፈስ ከነዝናቡ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ተዉት፤ ሰው አለኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

የእኛው ክቡር ዶን አናክሌቶ ይባላሉ፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጡረተኛ ፖስታ አዳይ፣ የፖንሴ ከተማ የዘላለም አገናኝ። አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ስለኖሩ ያላንኳኩት በር፣ በስሙ የማይጠሩት ውሻ የለም። እኔን፣ ኢራይዳን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩትን ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

የሠርጌን ፎቶግራፍ ያነሳው የእሳቸው ሰው ነው። የሰውየው ሙያ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። መቶ ሃያ እንግዳ አንድ በአንድ ነጭ ግድግዳ ፊት እያቆመ፣ «አይሳቁ፤ ጆሮዎ ይታይ» እያለ አነሳልኝ። ጋብቻው ብዙ አልቆየም፤ አልበሙ ግን አለ፤ ያየው ሁሉ «እነዚህ ሰዎች በምን ተከሰው ነው?» ይለኛል። የሚዜዎቼን ቀሚስ የሰፋውም የእሳቸው ሰው ነበር፤ ሶፋ አልባሽ። ቀሚሶቹ እስከ ዛሬ አልተቀደዱም፤ ሊቀደዱም አይችሉም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጆሮዬን አመመኝና ወደ «ሐኪማቸው» ላኩኝ። መጠባበቂያው ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ፍየልና አንድ በቀቀን ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ ጆሮዬን አየና ጠብታ ሰጠኝ፤ ሲጨርስም ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ «ጎበዝ!» አለኝ። አልዋሽም፤ በሦስተኛው ቀን ዳንኩ። የዶን አናክሌቶ ችግራቸው ይኸው ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዶን አናክሌቶና ባለቤታቸው ቲቲ ኖኤሚ (እኛ ዘንድ አክስት «ቲቲ» ነው የምትባለው) ሃምሳኛ የጋብቻ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ከዋና ከተማችን ከሳን ሁዋን በሚነሳ መርከብ የሰባት ቀን ሽርሽር ያዙ። ሻንጣ የሚሸከም ስለሚያስፈልግ እኔም ተጋበዝኩ። በሦስተኛው ቀን መርከቡ ላይ ሰው ነበራቸው፤ ኢንዶኔዥያዊ ዳቦ ጋጋሪ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አንዲት ቃል አይሰማም። ቢሆንም በየማለዳው፣ ሌላ ተሳፋሪ ያልቀመሰው ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ በራችን ላይ ይገኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳን ሁዋን ወደብ ወረድን። እኔ የምቸኩልበት ነገር ነበረኝ። በዚያው ቀን አምስት ሰዓት ላይ ፖንሴ ውስጥ የሳይዳ ልጅ ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ ደግሞ እኔ ነኝ። ሳይዳ ተማሪዬ ነበረች። ይህችን ልጅ ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ሐኪም ቤት ተመላልሳለች። በመርከብ ልሄድ ነው ስላት «ቲቸር፣ እሁድ ባይደርሱ…» ብላ ተወችው። እደርሳለሁ ብዬ ማልኩላት።

ደግሞስ ምን ያስቸግራል? ከወደቡ እስከ ፖንሴ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ነጫጭ ታክሲዎች ተሰልፈዋል። ተራ አስከባሪዋ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ሚርታ ይሏታል።

«ወዴት ነው፣ የኔ ንግሥት?» አለችኝ።

«ፖንሴ፤ ሦስት ሰው፣ አራት ሻንጣ።»

«ራቅ ይላል። ግን አሁኑኑ አሳፍርሻለሁ። ያኛው…»

«አያስፈልግም» አሉ ዶን አናክሌቶ ከኋላዬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው። «ሰው አለኝ።»

ሚርታ ይህንን ቃል በዕድሜዋ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማች ከፊቷ አነበብኩ። «እንግዲያው ሰውዎን እዚያ ጥላ ሥር ይጠብቁት» አለች፤ «ሰልፌን እንዳይዘጉብኝ።»

ሰውየው ዊሶ ይባላል። ጥላው ሥር ሻንጣችን ላይ ተቀመጥን፤ ዶን አናክሌቶ ስልካቸውን አወጡና ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብለው በሹክሹክታ አወሩ።

«የት ደረሰ?» አልኩ ሲመለሱ።

«ካጓስ።»

ካጓስ ከወደቡ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ደህና አልኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወሉ። «የት ደረሰ?» «ካጓስ።» ከሌላ ሩብ ሰዓት በኋላም ካጓስ። ካጓስ የምትባለው ከተማ ይህን ያህል ርዝመት እንዳላት ያን ሁሉ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር አላወቅኩም ነበር።

ከእኛ ጋር የወረዱት ሰዎች በሙሉ እየተሳፈሩ ሄዱ። ባለ ኮፍያዎቹ ሴቶች ሄዱ። መርከቡ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ ሲጣሉ የነበሩት ባልና ሚስት እንኳ፣ በሁለት የተለያየ ታክሲ፣ ሄዱ። ፀሐይዋ ጥላውን እየቆረጠመች እግራችን ሥር ደረሰች። ርግቦቹ የዳቦ ጋጋሪውን የስንብት ዳቦ እየለቀሙ ጨረሱት።

«ዶን!» ብላ ጮኸች ሚርታ ከሰልፏ ዳር። «ሰውዎ በመርከብ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ይመጣል!»

«እኔንም ያገባኝ ሰውዬ ገበያ ወጥቶ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቱ!»

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ትዕግሥቴ አለቀ።

«አጎቴ፣ በቃ። ታክሲ እንያዝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ነው። ሰው ጠርተሽ ጥለሽው ትሄጃለሽ?»

«ልጅቷ ክርስትና ልትነሳ ነው እኮ!»

«ታዲያ እኔ አትነሳ አልኩ?»

ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ሚርታ ሄድኩ። አንድ ታክሲ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሚርታ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ በሩን ከፈተችልኝ፤ ሾፌሩም ሻንጣዬን ከኋላ ጫነ። ተቀመጥኩ። የማቀዝቀዣው ንፋስ ፊቴን ሲነካኝ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ቲቲ ኖኤሚ ቦርሳቸውን ታቅፈው እየተከተሉኝ ነበር። አብረውኝ የሚሄዱ መስሎኝ ጠጋ አልኩላቸው። እሳቸው ግን በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ሂጂ፣ ልጄ። እኛ እንጠብቀዋለን።»

«ቲቲ፣ እርስዎም? በዚህ ፀሐይ?»

ወደ ባላቸው ዘወር ብለው አዩ። ዶን አናክሌቶ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቀስ እያሉ ያወራሉ።

«ዊሶ ሚስቱ ከሞተች ሰባት ወሩ ነው» አሉኝ ቲቲ ኖኤሚ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያ ወዲህ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። ሥራውን ተወ፤ ጎረቤት ምግብ በአጥር ያቀብለዋል። አናክሌቶ መርከብ ከመሳፈራችን በፊት ሄዶ፣ አንተ ካልተቀበልከኝ ከወደብ የሚወስደኝ የለም አለው። እሺ አለ። ይኸው ዛሬ ተነስቶ ካጓስ ድረስ መጣ። እዚያ ሲደርስ መንገድ ዳር አቆመ። አልችልም፣ ልመለስ ነው ይላል። አናክሌቶ በየሩብ ሰዓቱ የሚደውለው እንዳይመለስ ነው።»

«ምነው ታዲያ አልነገራችሁኝም?»

«የሰው ኀዘን ወደብ ላይ ተቁሞ ይወራል?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «እመቤቴ፣ እንሂድ ወይስ ምን ላድርግ?»

እውነት እላችኋለሁ፣ ልሂድ ነበር። የሳይዳ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀች ሴት ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? አሁን ብነሳ በሰዓቱ እደርሳለሁ፤ ዊሶን ብጠብቅ ላልደርስ እችላለሁ። ከመኪናው ሳልወርድ በመስኮቱ እጄን ዘርግቼ፣ «አጎቴ፣ ስልኩን ይስጡኝ» አልኩ።

ሰጡኝ። ከወዲያኛው ጫፍ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ዊሶ፣ ኢራይዳ ነኝ፤ የዶን አናክሌቶ የወንድም ልጅ። አንተን ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የሳይዳን ልጅ ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ፤ አምስት ሰዓት ላይ። ታክሲ የሚባል ነገር እዚህ የለም። አንድም የለም። ካልመጣህ አልደርስም።»

«የትኛዋ ሳይዳ?» አለ በሻከረ ድምፅ። «የቡሎን ተራዋ? ያቺ… ልጅ ያጣችው?»

«አገኘች እኮ፣ ዊሶ። ሴት ልጅ አገኘች።»

ቀጥሎ የሰማሁት የሞተር ድምፅ ነው።

ከታክሲው ወርጄ ሻንጣዬን መለስኩ። ሚርታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

«ሃምሳ ዓመት ሞላሽ አይደል?» አለችኝ። «ታክሲ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ታክሲ የለም ብለሽ ትዋሺያለሽ!» ከዚያ ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ጠረገችና ታክሲውን በፊሽካ ሸኘችው፤ ለእኛም የራሷን በረዶ ውኃ አምጥታ ሰጠችን።

ዊሶ አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መጣ። የሰውየውን ሥራ የነገረኝ ስላልነበረ፣ የሚመጣውን ነገር ሳይ ሻንጣዬን ለቀቅኩት። በምርጫ ሰሞንና በገበያ ቀን በየሰፈሩ እየዞረ የሚለፍፍ የጭነት መኪና ነው፤ ጀርባው ላይ የቤተ ክርስቲያን በር የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል። ዊሶ ከሲታ፣ ጢሙ ያደገ ሰው ነው። ወርዶ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ሻንጣዎቹን በድምፅ ማጉያዎቹ መሀል ጫነ። አራታችን ፊት ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተጠቀጠቅን፤ የቲቲ ኖኤሚ ክርን ጎኔ ውስጥ ነበር።

ተራራውን ስንሻገር ዊሶ አንድም ቃል አልተናገረም። ፖንሴ መግቢያ ላይ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል፤ መንገዱም በእሁድ ተሽከርካሪ ተዘግቷል። ሰዓቴን አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚህ ጊዜ ዊሶ እጁን ወደ መቀመጫው ሥር ሰዶ ማይክሮፎኑን አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፅ ማጉያዎቹ ሲንኮሻኮሹ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«የፖንሴ ሕዝብ ሆይ!» አለ፤ ከዚያ ከሲታ ደረት ውስጥ እንዲያ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ የሚያስብ የለም። «የክርስትና እናት ይዘናል! ሕፃኗ እየጠበቀች ነው! ሰማያዊዋ መኪና፣ እባክሽ ወደ ቀኝ! አውቶቡሱ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ! እመቤት፣ ውሻዎን ያንሱልን!»

መኪናው ሁሉ እንደ መጋረጃ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ከየሰገነቱ ሰው ወጥቶ ያጨበጭባል። ቲቲ ኖኤሚ አለቀሱ። ዶን አናክሌቶ ግን በመስኮት አሻግረው እያዩ፣ «ትንሽ ድምፁን ቀንሰው እንጂ» አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር። የሚጠመቁት አምስት ሕፃናት ነበሩ፤ ሳይዳ ልጇን ከሰልፉ መጨረሻ አድርጋ ጠብቃኛለች። ቄሱ አራተኛውን እያጠመቁ ነበር።

«ይቅርታ፣ ሳይዳ፣ እኔ…» ስል አቋረጠችኝ።

«መምጣትዎን ከሦስት መንገድ ማዶ ሰማን፣ ቲቸር» አለችና ልጅቷን እቅፌ ውስጥ አኖረቻት። «አባታችንም ሰምተው፣ ሦስተኛውን ልጅ ቀስ ብለው ነው ያጠመቁት።»

ዊሶ ከምሳው በኋላም አልሄደም፤ ከምሳው ቀጥሎ ከነበረው ጭፈራ በኋላም አልሄደም። በሳምንቱ ሰኞ የአንድ ማንጎ ሻጭን ዋጋ በየሰፈሩ ሲለፍፍ ሰማሁት።

እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛሁ፤ ደስ ይላል። የመጀመሪያውን ወር ግን ተኝቼ ስጨርሰው ደስ ማለቱ ቀረ። የሌሊት ልብስ ለብሼ ምሳ እበላለሁ። ስልክ ሲጠራ አላነሳም። መጋረጃዬን ለመክፈት ነገ እያልኩ አምስት ወር ሆነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ይጠይቀኛል?

አንድ አርብ ዶን አናክሌቶ ደወሉ፤ እስካነሳ ድረስ ሰባት ጊዜ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ መኪናሽ ይነሳል?»

«ይነሳል። ምነው?»

«የአዲሱ ፖስታ አዳይ አማቶች እሁድ ጠዋት ከመርከብ ይወርዳሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ወደቡ በር ላይ ሁኚ።»

«ታክሲ ሞልቶ የለም እንዴ፣ አጎቴ?»

«ስማቸውን በወረቀት ጻፊ፤ ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉና ስልኩን ዘጉት።

እሁድ ወደቡ ስደርስ አርባ ደቂቃ አርፍጄ ነበር። አማቶቹ ፀሐይ ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴትየዋ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ሰውየው ሰዓቱን እያሳየ፣ ሃያ ታክሲ ሲያልፈን ቆጥረናል፣ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። መንገዱ ተዘጋግቶብኝ ነው ብዬ ሻንጣቸውን ጫንኩ። መንገዱ ግን እንደ ልብ ክፍት ነበር። አርባ ደቂቃ ያረፈድኩት ቀሚስ ስተኩስና አምስት ወር ያልነካሁትን የከንፈር ቀለሜን ስፈልግ ነው።