ነጠላ የለበሰችው ጁስ

ትናንት ከሰዓት አባዬ አልጋ አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ጣለኝና ጉድ አለምኩ። አባዬ ስኳር በሽታ አለበት። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ፣ ሐኪሙ «ስኳሩ ካልወረደ እግሩ ይቆረጣል» ብሎናል። ይህንን እያሰላሰልኩ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነን። መደርደሪያው ላይ የተደረደርነው እኛ ሰዎቹ፣ ጋሪ እየገፉ የሚገዙን ደግሞ የታሸጉ ምግቦች! አንድ ብስኩት አነሳኝና ገልብጦ ጀርባዬን አነበበ።

«ይቺ ነገረኛ ናት» ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰኝ። ጥጋበኛ!

የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰ ካቻፕ መጋዝ ይዞ አጠገቤ በተደረደረው አባዬ እግር ሥር ቆመ።

«ስኳር የደበቀውን ሁሉ ለይተሽ ካወጣሽ አባትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። አንድ ካመለጠሽ እግሩ እዚሁ ይቀራል።»

ከመደርደሪያው ወርጄ ፍተሻ ጀመርኩ። ከረሜላ «እኔ ምን ደበቅሁ!» ብሎ ራሱ ወጣ። ሌሎቹ ግን ማሉ፣ ተገዘቱ።

«ካፖርትህ ሥር ያለው ማነው?» አልኩት ብስኩቱን።

«ግሉኮስ ሽሮፕ የሚባል እንግዳ ነው።»

«ያንተስ?» አልኩት ዳቦውን።

«ዴክስትሮስ። ስኳርን በዓይናችንም አይተነው አናውቅ!»

ለጋብቻ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ተቆጣሁ። «ዘራችሁን ቁጠሩ!»

ተንተባተቡ። ቢቆጥሩ ቢቆጥሩ ግሉኮሱም ዴክስትሮሱም የስኳር ዘር ሆነው ሁሉም ስኳር ቤት ገቡ። ካቻፑም ሲፈተሽ ተገኘበት፤ መጋዙን ግን አላስቀመጠም።

የቀረችው አንዲት የማንጎ ጁስ ነበረች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ ደረቷ ላይ «ተፈጥሯዊ» ተጽፏል። ጎንበስ ብላ አባዬን «እግዜር ይማርዎ» አለችው። አሁን በሽተኛ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ዘርሽን ቁጠሪ ትባላለች? ይሉኝታ ያዘኝ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳት።

ካቻፑ ሳቀ። መጋዙ ሲያጓራ ባንኜ ነቃሁ።

የሚያጓራው ስትሮው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አጸደ አባዬን ደግፈው የማንጎ ጁስ ያጠጡታል፤ ካርቶኑ አልቆ አየር ይስባል።

«እንቅልፍሽን እንዳልረብሽ ብዬ ነው የኔ ልጅ። ለበሽተኛ ጥሩ ነው፣ ተፈጥሯዊ!»

ተቀብዬ ጀርባውን አነበብኩ። ግሉኮስ ሽሮፕ። እንባዬ መጣ፤ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ እጄን ጨበጠኝ።

«ተይ፣ ሰው አታሳፍሪ» አለ በሹክሹክታ።

«እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ» አልኩ።

በሩ ተንኳኳ። የዕድራችን ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የጁስ ካርቶን የያዘ ፌስታል አንጠልጥለዋል።