የመጋላው ጠቢብ ወደ ሐርላ የተላከበት ቀን

ፈላስፋ የሌለው ሰፈር የለም። ውሃ የሌለው ሰፈር አለ፣ መብራት የሌለው አለ፤ ፈላስፋ የሌለው ግን እስካሁን አልተገኘም። ሰውየውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰዓት ስንት ነው ብለው ሲጠይቁት ጊዜ ራሱ ምን እንደሆነ የሚያብራራው ነው። ደግነቱ አብዛኛው ሰው ሰላም ብሎት ማለፍ ይችላል። በድሪያ ግን አግብታዋለች።

የድሬዳዋ ኩራት፣ የመጋላ ብርሃን፣ የቬንቲላተር ጠጋኞች ሁሉ አለቃ፣ ክቡር አብዲቃድር ይህን ሁሉ ጥበብ ያገኘው በወጣትነቱ ነው። አንድ ፈረንሳዊ መምህር አገሩ ሲገባ ወፍራም የፍልስፍና መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። የመጽሐፉ የመጨረሻ መቶ ገጽ ተቀዶ ስለነበር፣ ለብዙ ዓመት አብዲቃድር ፍልስፍና የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት አካባቢ ያለቀ ይመስለው ነበር። ኋላ ስልክ መጣና የጎደለውን ሞላለት። በድሪያ ስልክ የፈለሰፈውን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ከአፉ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለችው፦ «አቦ፣ በዚህ ላይ ሦስት አመለካከት አለ።» ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ ቢሉትም ሦስት አመለካከት አለ። ከቀትር በኋላ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ከሚሰበሰበው የበርጫ ጀመዓ ፊት ደግሞ ሦስቱ ሰባት ይሆናሉ። ምርቃናው ሲደርስ ግሪክና ቻይና ተጨባብጠው፣ ጀርመን ከህንድ ታርቆ፣ የጫቱ ገራባ ሲጠረግ ነው ሁሉም ወደየአገሩ የሚመለሰው።

በድሪያ ታይዋን ገበያ ድርያ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስ ትሸጣለች፤ መጽሐፍ አላነበበችም። ነገር ግን በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ነገር ደርሳበታለች፤ የምሥራቁም የምዕራቡም ጠቢባን በምንም ባይስማሙ፣ አብዲቃድር ከፍራሹ መነሳት እንደሌለበት ግን ይስማማሉ።

ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሲያፈስ፣ «የቻይና ታኦኢስቶች ውሃን አትታገሉት ነው የሚሉት፤ ውሃ መንገዱን ያውቃል» አላት። ውሃው እውነትም መንገዱን ያውቅ ነበርና የጎረቤታቸው የጥሩወርቅ መኝታ ቤት ገባ። ዕቃ አሸክመኝ ስትለው ቡድሂስቶች ለዕቃ ስለ መጓጓት የሚሉትን ነገራት። በሰኔ ሙቀት የራሳቸው ቤት ቬንቲላተር ሲቆም ደግሞ ተራው የግሪኮቹ የስቶይኮች ሆነ።

«የሚያቃጥልሽ ሙቀቱ አይደለም። ስለ ሙቀቱ ያለሽ ሐሳብ ነው።»

«እንግዲያስ ሐሳቤን ጠግንልኛ፣ ጠጋኝ አይደለህ!»

አንድ ደንበኛ ቬንቲላተሩን በሰጠው በወሩ መጥቶ «ተሠራ?» ቢለው፣ ተጠራጣሪ የሚባሉ ፈላስፎች አንድ ነገር መሥራቱን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም እንደሚሉ አስረዳው። ሰውየው ቬንቲላተሩን ሰካው። አልሠራም። ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር፤ በድሪያም ከሰው ጋር ትስቅ ነበር። ሳቋ ያቆመው የጥሩወርቅ ባል ያረፈ ጊዜ ነው። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። አብዲቃድር ሊያጽናና ተነሳና፣ በህንዶች አስተሳሰብ ሟቹ ተመልሶ ሊወለድ እንደሚችል፣ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ግን እንደማይታወቅ ተናገረ። ጥሩወርቅ ለቅሶዋን አቋርጣ፣ «ምን ሆኖ?» አለችው። «እንደ ሥራው ነው» አላት። ሟቹ በሕይወቱ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። በድሪያ በሻሿ ፊቷን ሸፍና ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ባሏ ጉሮሮውን ሲጠርግ ጆሮዋ ድረስ ይግላታል።

ያም ሳያንስ ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸውን ዊዳድን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። አብዲቃድር ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ሳይለይ ልጅ መጠየቅም መስጠትም እንደማይቻል ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው። ሽማግሌዎቹ «እናስብበት» ብለው ወጡ። እስካሁን እያሰቡ ነው።

አሁን ዊዳድ ሃያ ዘጠኝ ሞላት። ፋርማሲ የሚሠራ ዛኪር የሚባል ልጅ ወዳለች፣ እሱም ወዷታል፤ ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ እንደሚመጡ ተነገረ። ዊዳድ ለእናቷ «እማ፣ አባቴ...» ብላ ጀምራ ተወችው። በድሪያ ቀሪውን ለመስማት አልፈለገችም። ወንድሟን ሙስአብን ጠርታ ነገሩን ቆረጠችው፤ አባትየው መንገድ ሄዷል ይባላል፣ ሙስአብ ጥያቄውን ሰምቶ ቀጠሮ ይሰጣል። ለኒካሁ ቀን አባት መገኘቱ አይቀርም፤ ግን ያን ቀን ከአባት የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዷን ዓረፍተ ነገር አብዲቃድርም ቢሆን ብዙ አያስረዝማትም።

ሐሙስ ጠዋት ባሏን አስነሳችው።

«አብዲ፣ ሐርላ ሂድ። ያጎትህ ልጅ እግሩን አሞታል አሉ። እዚያው እደር።»

አብዲቃድር ሸሚዙን እየቆለፈ አያት። «ዛሬ ሐሙስ ነው ኣ?»

«ነው።»

«ሐርላ።»

«ሐርላ አልኩህ እኮ!»

ሦስት አመለካከት አላመጣም። አንድም አላመጣም። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በድሪያ ደስ አላት፤ ደስታዋም እስከ ዐስር ሶላት ቆየላት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ሐጂ ሲያድ ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ ተቀመጡ። በድሪያና ዊዳድ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ያዳምጣሉ። ሙስአብ ከተጠበቀው በላይ አማረበት፤ አቀባበሉ ለስላሳ፣ ቃሉ ቁጥብ ነው። በድሪያ ወንድሟ ባሏ በሆነ ኖሮ ብላ ልታስብ ምንም አልቀራት፤ ደንግጣ «አስተግፊሩላህ» አለች።

«ኸይር» አሉ ሐጂ ሲያድ ጥያቄያቸውን አቅርበው ሲጨርሱ። «የልጅቷ አባትስ? ኒካሁን የሚሰጠው ወሊዋ አባቷ ነው። በእናት በኩል ያለ አጎትማ ወሊ እንደማይሆን፣ ሙስአብ፣ አንተም ታውቃለህ።»

«ወላሂ ሐርላ ሄዶ ነው ሐጂ። ዘመድ ታሞበት።»

ሐጂ ሲያድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐርላ። እንግዲህ አንድ ነገር ላጫውትህ። እኛ ቀድመን ደረስንና መስጊዱ ግቢ ጥላ ውስጥ ሶላት ስንጠብቅ አንድ ሰው አገኘን። ሥራ የለህም ወይ አልነው። ሚስቴ ሐርላ ልካኛለች፣ መኪናው አልሞላም አለን። ሐርላ ምን አለህ አልነው። ምንም የለኝም፣ ዛሬ ልጄን ሊጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሚስቴ በኔ አፍ ታፍራለች አለን።»

ከመጋረጃው ጀርባ ዊዳድ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«ተቆጣህ ወይ አልኩት። 'አቦ፣ ልክ ናት' አለኝ። 'የዓለምን ጠቢባን ሁሉ ቤቷ ድረስ አመጣሁላት፣ አንዱም እንኳ አግዟት አያውቅም። አንድ ቀን ብሸሽላት ምን አለበት?' አለ። ያኔ የማን አባት እንደሆነ ገባኝ፤ እሱም እኛ ማን እንደሆንን ገባው። ሊነሳ ብሎ ተመለሰና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሙስአብ፣ እኔ አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ዞሬአለሁ። ስለ መህር መጠን ጠይቀውኛል፣ ስለ ዘር ጠይቀውኛል። 'ልጁ ሲናደድ እጁን የት ያደርጋል?' ብሎ የጠየቀኝ አባት ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው። መልሱን እስክነግረው ዓይኔን ዓይኔን ያየኝ ነበር።»

በድሪያ አፈረች። በባሏ አፍራ ታውቃለች፣ ያንን ለምዳዋለች፤ ይሄኛው ግን በራሷ ነበር፤ ጆሮዋን አልፎ አጥንቷ ድረስ ገባ። ሰውየው ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ሁሉንም ያውቅ ነበር። አውቆ ወጣላት።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴት በሽማግሌ መሃል ገብታ አትናገርም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ። እኔ ነኝ የላክሁት። የታመመ ሰው የለም። አፍሬበት ነው።» ወደ በሩ ዞረች። «ጠብቁኝ፣ አመጣዋለሁ።»

በነጠላ ጫማዋ መጋላን አቋርጣ መስጊዱ በር ላይ ደረሰች። አብዲቃድር ግንብ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሲያያት እንደ ተያዘ ተማሪ ብድግ አለ።

«መኪናው አልሞላም» አላት። «አሁን ሄጃለሁ።»

«ና ቤት።»

«በድሪያ፣ ባልመጣ ይሻላል። እንደ ባለፈው አበላሽባታለሁ።»

«አብዲ፣ ና አልኩህ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ቤት ሲገቡ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተቀበሉት። ሙስአብ ቦታውን ለቀቀለት። በድሪያ ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች። ሐጂ ሲያድ ጥያቄያቸውን እንደ አዲስ አቀረቡ፤ ሁሉም የአባትየውን አፍ ማየት ጀመረ።

አብዲቃድር ጉሮሮውን ጠረገ። «ግሪኮች ስለ ጋብቻ...» አለና ቀጥ አለ። ዓይኑ ወደ መጋረጃው ሄደ። በድሪያ በጨርቁ ቀዳዳ ታየዋለች። ለካ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ ንግግሩን ሲጀምር እንዲህ ይፈልጋት ኖሯል፤ እሷ ሁልጊዜ ፊቷን ሸፍና ስለነበር አይታው አታውቅም። ፊቱ ቀይ ሆኗል። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው፣ ሙስአብ ወሬ ሊያስቀይር አፉን ከፍቷል።

በድሪያ ቀደመችው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ጃፓኖቹስ ምን ይላሉ፣ አብዲ?» አለችው።