የእቴቴ ስጦታ ፈቃድ አይጠይቅም

በየዘመዱ መሃል አንዲት እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም፤ ለሕፃን ስጦታ ስትገዛ ወላጆቹን «ምን ይሻላል?» ብላ የማትጠይቅ። ስሟ ሲነሳ ወላጆች ይሳቀቃሉ። ልጆች ግን ድምጿን ገና ከደረጃው ላይ ሲሰሙ በባዶ እግራቸው ወደ በር ይሮጣሉ።

የዚህ ቤተሰብ ተረኛ እቴቴ ናት። እቴቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስታወራ ኖራለች፤ አንዲትም መርፌ ግን ውጣ አታውቅም። የራሷ ልጅ የላትም። ያለቻት የታናሽ ወንድሟ ልጅ ናት፤ ዓይኗ የሚያርፈውም እሷ ላይ ነው።

ችግሩ የልጅቷ እናት ናት። ክብርት እናት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ የለመደ ዓይናቸውን ማታ ማታ ወደ ቤት ይዘውት ይመጣሉ። አሻንጉሊት ሲሰጣቸው መጀመሪያ ያሸቱታል፤ ቀጥለው ይጎትቱታል፤ በመጨረሻ በጥፍር ይፍቁታል። ይህን ፈተና ያለፈ ስጦታ እስካሁን አልተሠራም።

ለመጀመሪያው ልደት እቴቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ሰፍታ ወሰደች። እናትየው «ልጅቷ ልትውጣቸው ትችላለች» ብላ የአሻንጉሊቷን የቁልፍ ዓይኖች ነቀለች፤ ከዚያም በፈላ ውሃ ቀቀለቻት። ምስኪኗ ዝናብ የደበደባት ድመት መስላ ወጣች። ለሁለተኛው ልደት እቴቴ የምታፏጭ ባቡር ገዛች። በሦስተኛው ቀን ባቡሯ ዝም አለች፤ የእቴቴ ወንድም፣ የልጅቷ አባት፣ ባትሪዋን ደብቆ «ተበላሸች» አለ። ለሦስተኛው ልደት ከበሮ መጣ። ከበሮው እስከዛሬ በወንድምየው መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው፤ መኪናዋ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ብቻውን ይመታል።

ለአራተኛው ልደት ታዲያ ከእናትየው በስልክ ዝርዝር ተላከላት። እቴቴ ቀሚስ ለምትለካላት ደንበኛዋ ጮክ ብላ አነበበች። «ባትሪ የሌለው፣ ድምፅ የማያወጣ፣ ፕላስቲክ ያልሆነ፣ ቀለም የማይለቅ፣ አእምሮ የሚያዳብር።»

«ጨረታ ነው እንዴ?» አለች ደንበኛዋ።

«ልደት ነው» አለች እቴቴ።

ነገር ግን በቅንነት ሞከረች። እናትየው የጠቆመቻት ሱቅ ድረስ ሄደች። ሻጩ ግራጫ የእንጨት ኩቦች አወጣላት።

«አእምሮ ያዳብራል» አላት።

«ልጅ ትስቅበታለች?»

ሻጩ ካርቶኑን አገላብጦ አየ። «እሱ እዚህ ላይ አልተጻፈም።»

ወጥታ ሄደች።

የልደቱ ቀን ጠረጴዛው ላይ እንግዶች ያመጡት ሦስት ካርቶን ግራጫ ኩብ ተደርድሯል። ልጅቷ እያንዳንዱን ከፍታ፣ እንዳስተማሯት «አመሰግናለሁ» ብላ አስቀመጠች። እቴቴ ከቦርሳዋ አንድ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ በእጇ ላይ አኖረችላት። ልጅቷ የአባቷን አፍንጫ ለካች። ከዚያ የኬኩን ቁመት። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የእንግዶቹን ጫማ በየተራ መለካት ጀመረች፤ ሳቋ ከሥር ይሰማል።

«እቴቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እናትየው። «አንገቷ ላይ ቢጠመጠምስ?»

«አሳጥሬ ቆርጬዋለሁ። አንገቷን ቢዞር እንኳ ለቋጠሮ አይተርፍም። ልብሷን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ልኳን አውቀዋለሁ።»

«ዝርዝር ልኬልዎት ነበር እኮ።»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ?»

«ስጦታ የማመጣው ለልጅቷ ነው፤ ለዝርዝሩ አይደለም።»

«ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ!»

ወንድምየው ኬኩን ዛሬ ገና እንዳየው ሰው አፍጥጦ ያየዋል።

«አሳድጊያት» አለች እቴቴ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «አንቺ የሚጠቅማትን ስጫት፤ እኔ የሚያስደስታትን እሰጣታለሁ። ይሄን መልሼ አልወስድም። ካልወደድሽው ጣይው፤ ግን እሷ እያየችሽ ጣይው።»

ደረጃውን ስትወርድ አንድ ሥጋት ያዛት። ልጅቷን እንዳታይ ቢከለክሏትስ? ቢሆንም አልደወለችም፤ እነሱም አልደወሉም። አንድ ወር አለፈ። እቴቴ በዚያ ወር ሁለት ደንበኞችን ተቆጣች፤ የአንዱን ኮት እጅጌ ደግሞ ገልብጣ ሰፋች፤ በዕድሜዋ ሠርታው የማታውቀው ስህተት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሱቁ በር ተበረገደ። «እቴቴ! ሜትሬ አጠረ!»

ልጅቷ ናት። እናትየው ከኋላዋ ደፍ ላይ ቆማለች።

«ሜትር አያጥርም፣ የኔ እናት።»

«አጥሯል! በፊት የእማዬን ሆድ ከዚህ እስከዚህ ይደርስ ነበር። አሁን አይደርስም!»

እቴቴ ቀና ብላ እናትየውን አየቻት። እናትየው ፊቷ ቀላ።

«ገና ለማንም አልተናገርንም» አለች ቀስ ብላ። «ቀሚሶቼ ጠበውኛል፤ ለእሱ ነው የመጣሁት።» ቀጥላም «ሜትሩን ሁለት ጊዜ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከትቼው ነበር። ሁለቴም መልሼ አወጣሁት። በአልኮል ጠርጌ ሰጠኋት» አለች።

እቴቴ ይቅርታ አልጠየቀችም። እናትየውም አልጠየቀቻትም። እቴቴ በእግሯ በርጩማውን ገፋ አድርጋ «ነይ፣ እዚህ ላይ ቁሚ» አለቻት። የራሷን ረጅም ሜትር ከአንገቷ አውርዳ አንዱን ጫፍ ለልጅቷ አስያዘቻት፤ ሌላውን ይዛ በጉልበቷ ተንበርክካ በእናትየው ወገብ አዞረችው።

«ስንት ነው?» አለች፣ ልጅቷን እንደ ሥራ ባልደረባ እየጠየቀቻት።

ልጅቷ ቁጥሮቹ ላይ አፍንጫዋን ደቅና ብዙ አሰበች። «አርባ ሺህ» አለች።

እናትየው ልታርማት አፏን ከፈተች። እቴቴ ግን መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን በምላሷ አርጥባ፣ በትልልቅ ፊደላት መጻፍ ጀምራ ነበር፦ ወገብ፣ አርባ ሺህ።