ቦራን ያስተማሩት ግራዝማች

ሊቃውንት ስለ ትምህርት ብዙ ጽፈዋል፤ ወይፈንን በጅብ ቆዳ ማስተማር እንደሚቻል ግን ግራዝማች ታፈረ በጋይንት ደጋ ለአንዲት ምክትል ወረዳ እስኪሾሙ ድረስ የጻፈ አልነበረም።

በኛ አገር ወይፈን ቀንበር የሚለምደው ከሽማግሌ በሬ ጋር ተጠምዶ፣ ስሙ እየተጠራ፣ አንገቱ እየታሸ ነው። ባሏ የሞተባት ካሣነሽም ያላትን አንድ ወይፈን፣ ቦራን፣ ከጎረቤቷ ከይርዳው በሬ ጋር አቀናጅታ ለሰኔ ገብስ አድርሳው ነበር። ግራዝማች ይህን አይተው አዘኑ።

«ይህ ማባበል ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። የአውራጃው ገዥ በአሥራ አምስት ቀን ይመጣሉ። እኔ ራሴ አሠልጥኜ አሳያቸዋለሁ።»

«ኧረ ያውቃል ጌታዬ! ትልም እንኳ አይስትም።»

«ሳይፈራ ያወቀ፣ አወቀ አይባልም።»

«ሰኔ ካለፈብኝ በምን አርሼ እዘራለሁ?»

«መንግሥት ሲያስተምርልሽ አንቺ ዝናብ ትቆጥሪያለሽ!»

በዚህ አባታዊ ርኅራኄ ቦራ ወደ ግቢያቸው ተነዳ። ግራዝማች ሥልጡን ሰው ናቸውና አንድ ጅራፍ አላሳረፉበትም፤ በረቱ ፊት የጅብ ቆዳ ብቻ ሰቀሉ። ቦራ በሦስተኛው ቀን ስሙን ረሳ። በአሥረኛው ቀን የውኃውን መንገድ ረሳ። ወደ አውራጃው የተላከው ደብዳቤ ግን «ዝምታው እየጨመረ ስለ ሆነ ትምህርቱ እየገባው ነው» ይላል።

ገዥው መጡ። ይርዳው እርፉን ጨብጦ «ሂድ!» ቢል፣ ቦራ ተንቀጥቅጦ ከነቀንበሩ ተኛ።

«ምንድን ነው ይሄ? ተናገር እንጂ!» ብለው ገዥው በግራዝማች ላይ ጮኹ።

ግራዝማች አሥራ አምስት ቀን ያጠኑት ንግግር ነበራቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉ።

«ስምህ ማን ነው?» አሏቸው ገዥው።

እርሱም ጠፋቸው። ቦራስ ቢያንስ ተኝቷል፤ እርሳቸው ቆመው ቀሩ።

ካሣነሽ እንባዋን እየጠረገች የወይፈኗን አንገት አሸችው። «አይዞህ ቦራዬ፣ ምንም የለ፣ ተነሥ።» ቦራ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ሄደ። እሷም ሆዷ ባባና ወደ ግራዝማች ዞረች፦ «አይዞዎት ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ።»

ያን ጊዜ ንግግሩ መጣላቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ክቡር ሆይ! ሰውም ሆነ በሬ ካልፈራ አይማርም!» ብለው ጮኹ።

ቦራ ድምፃቸውን ሲሰማ ተመልሶ ተኛ። ገዥው ግን አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን። ካሣነሽ የዚያን ዓመት ገብሷን በዶማ ቆፍራ ዘራች።

ገዥው በነገሩ እጅግ ስለ ተደሰቱ የጅብ ቆዳውን ይዘው ሄዱ፤ ሹሞቻቸውን የሚሰበስቡበት አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል አሉ። ግራዝማች ታፈረም ለስብሰባ ሲጠሩ ስማቸውን በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሄዳሉ።