እመት ምናልባት ዲስኩን ከመዶሻ ያዳኑበት ዓርብ

የአየር ማቀዝቀዣው ማንጠብጠብ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ከሥሩ የተሾመው ሰማያዊ ባልዲ በነገሠ በአምስተኛው ወር፣ በዕለተ ዓርብ፣ በጤና ጣቢያው ማሽን ክፍል ውስጥ ይህ ነገር ታወቀ፤ በዲስኮቹ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከአንድ ይጀምራል፣ ማሽኑ ግን ከዜሮ ይቆጥራል። መታወቁስ ታወቀ፤ የታወቀው ግን ዲስኩ ከወጣና መዶሻው ከተነሣ በኋላ ነው።

የዚህ ገድል ባለቤት የካርድ ክፍል ኃላፊዋ፣ የቁልፍ ሰሌዳ እመቤት፣ ዘአልቦ ዕረፍት፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ ስለ ሁሉም ነገር «ምናልባት ቢበላሽስ» ስለሚሉ ሕዝቡ «እመት ምናልባት» ብሎ የሰየማቸው ናቸው። ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ የሚታያቸው፣ ስልክ ሁለቴ ከጠራ መርዶ የሚጠብቁ፣ አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ጎማውን የሚመረምሩ፣ ማኅተም ቢኖራቸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ተብሎ የሚቀረጽላቸው ነበሩ።

እኚህ እመት በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የአርባ ሺህ ሕሙማንን ካርድ፣ ማን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው፣ የየትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረ፣ ከወረቀት እያነበቡ በገዛ ጣታቸው ወደ ማሽን ክፍሉ ሰርቨር አስገቡ። ሰርቨሩም ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚተዳደር፣ የታዘዘውን ሲፈጽም ዝም የሚል፣ ሲከፋው ብቻ አፉን የሚከፍት፣ በዚህም ጠባዩ ብዙ ባለትዳሮች የሚያውቁትን ሰው የሚመስል ነው። በሆዱም መንትያ ዲስኮች ነበሩት፤ በአንዱ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት በሌላውም ይጻፋል፤ ይህንም ባለሙያዎቹ መስታወት ይሉታል። ይህን የሰሙት ጥበበኛው ሥራ አስኪያጅ፣ የሁለት ስልኮችና የአንድ የሚሽከረከር ወንበር ጌታ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መስታወት ያለው ቤት ወረቀት አያሻውም፤ ሌላ ቅጂም ቅንጦት ነው። ወረቀቱ ይቃጠል፣ መደርደሪያው ወደ ቢሮዬ ይምጣ!» ወረቀቱም ተቃጠለ፤ በመደርደሪያውም ላይ የሥራ አስኪያጁ ዋንጫዎች ተደረደሩ።

ወእምዝ፣ ከመንትዮቹ አንዱ ታመመ፤ ማሽኑም ዝምታውን ሰብሮ ዲስክ አንድ ሊሞት መሆኑን አስታወቀ። ሥራ አስኪያጁም ዳግመኛ አወጁ፦ «መስታወቱ ይፈታ፤ የታመመው ይውጣ፤ የሕሙማን ምስጢር እንዳይባክን እዚያው በመዶሻ ይቀጥቀጥ፤ አዲሱ ገብቶ መስታወቱ እንደገና ይጋጠም። እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ!»

የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ እመት ምናልባት ዘመቱ። ተከትለዋቸው የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ባለ መዶሻው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ቁጥሮቹን በዲስኮቹ ላይ የለጠፈው፤ ከእርሱም ኋላ አዲሱን ዲስክ ከነካርቶኑ ያቀፈችው የመርፌ ክፍል ነርስ፣ ነገሩ ስለማያገባት የመጣችው፤ ከእርሷም ኋላ ባለ ሠላሳ ቁልፉ ዘበኛ፤ በመጨረሻም ባልዲውን ሊደፉ የመጡት የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ሥራ የነበራቸው።

እመትም መስታወቱን እንዲፈታና በዲስክ አንድ ላይ ያለውን ቅጂ እንዲተው ማሽኑን አዘዙት። ማሽኑ ዝም አለ። ዝምታው ደስታ ይሁን ኩርፊያ አላወቁምና ሦስት ጊዜ መረመሩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተፈጽሞ አገኙት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አርባው ሺህ ካርድ በዲስክ ዜሮ ላይ ብቻ፣ መዳፍ በምታህል ብረት ላይ ብቻ ቀረ። ማሽኑንም አጥፍተው «አንድ» የሚል የተለጠፈበትን ዲስክ መዘዙ፣ አዲሱን በስፍራው ሰኩ፣ ማሽኑንም አበሩ። ባለ መዶሻው የወጣውን ዲስክ በወለሉ ላይ አስተኝቶ አዋጁን አሰማ፦ «ባለቤቴ አራት ጊዜ ደውላለች! ጣቱን የሚወድ ጣቱን ይሰብስብ!»

በዚህ ጊዜ ያ ዝምተኛ ማሽን አፉን ከፈተ፤ የማውቀው ዲስክ ዜሮ የለም፣ በስፍራው ያለው ባዶ እንግዳ ነው አለ። አንድ ቢወጣ ዜሮ እንዴት ይጠፋል ብለው ሲያስቡ የእመት ዓይን በማሽኑ ውስጥ በቀረው ነባር ዲስክ ላይ ዐረፈ፤ «ሁለት» ይላል። ከዜሮ ለሚቆጥር፣ ዲስኩ ሁለት ብቻ ለሆነ ማሽን፣ ሁለት የሚባል ዲስክ ከየት መጣለት? እንግዲያ «አንድ» የተለጠፈበት ዜሮው፣ «ሁለት» የተለጠፈበትም በሽተኛው አንድ ነበር። መዶሻውም በአየር ላይ ነበር።

እመት ምናልባትም የጉልበታቸውን ሪህ ረስተው በወለሉ ላይ ተደፉ፤ ዲስኩንም በሆዳቸው ሸፍነው አወጁ፦ «ምናልባት! ምናልባት ብያለሁ! አንተ ቁጥር ለጣፊ፣ በሽተኛዋን ትተህ ጤነኛዋን ልትገድላት ነው! ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው!» ባለ መዶሻውም ክብሩ ተነክቶ አወጀ፦ «በእኔ ቤት ልጅ የሚቆጠረው ከአንድ ነው! ዜሮኛ ልጅ ያለው ይምጣና ያሳየኝ!» ነርሷም አወጀች፦ «የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ የምትፈልጉ፣ ከእመት ሆድ ሥር ነው!» የጽዳት ሠራተኛዋም አወጁ፦ «እግራችሁን አንሡ፤ ባልዲው ሞልቷል!»

ዲስኩም በሹራብ እጅጌ ተጠርጎ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፤ «ሁለት» የተባለችው በሽተኛም ወጥታ አዲሱ በስፍራው ገባ። ማሽኑ በራ፤ ዝምም አለ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ የጣፈጠ ዝምታ አልተሰማም። እመትም አንድ ካርድ ከፈቱ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ከነክትባቱ፣ በስፍራው ነበረ። ያን ጊዜ መስታወቱን አጋጠሙ፤ ባለ መዶሻውንም መስታወቱ መቶ ከመቶ ሳይሞላ በሽተኛዋንም እንደማይሰጡት፣ ሰኞ እንዲመለስ ነግረው ወደ ሚስቱ አሰናበቱት። ለልጆቻቸውም በስልክ አወጁ፦ «እዘገያለሁ፤ አልሞትኩም። ምድጃውን አጥፉ፣ በሩን ቆልፉ፣ ላንኳኳ ሁሉ አትክፈቱ፤ እኔም ብሆን መጀመሪያ ማን ነሽ በሉኝ!»

ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ብቅ አሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ «በእኔ ብርቱ አመራር መስታወቱ ተጋጠመ!» ብለው አውጀው ወጡ። እመት ሦስተኛ ዲስክ ለሌላ ቅጂ እንዲገዛ ያዘጋጁትን ማመልከቻ እንኳ ሳይቀበሉ ወጡ፤ ማመልከቻውም በዋንጫዎቹ መካከል፣ በቀድሞው የወረቀቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠላቸው።

ሌሎች ጀግኖች በጋሻ ላይ ተኝተው ተመለሱ፤ እኚህ ግን በዲስክ ላይ ተኝተው አርባ ሺህ ሰው አዳኑ፣ ቀሚሳቸውም በባልዲ ውሃ ራሰ። የድፍረት ሁሉ እናት ፍርሃት ናትና፣ የፈሪዎች ንግሥት ሆይ፣ ክብር ለጥርጣሬሽ ይሁን! እመትም «ዜሮ» እና «አንድ» ብለው በገዛ ጽሕፈታቸው ለጠፉ፣ በሽተኛዋን በመሳቢያ ዘጉባት፣ የማሽን ክፍሉን በር ቆልፈው ሦስት ጊዜ ሳቡ፣ ደረጃውንም እስከ ግማሽ ወረዱ። ከዚያ ተመለሱ፤ ከፈቱ፤ የሁለቱ ዲስኮች መብራቶች ጎን ለጎን ብልጭ ድርግም ሲሉ አዩ፤ ዘበኛውም ሠላሳ ቁልፉን ሲያንቀጫቅጭባቸው እንደገና ዘጉ። አሁን በእርግጥ ተቆለፈ።